ሳይክል ለሚነዳ ሰራተኛ በቀን 25 ብር፦ ደብረ ብርሀን ላይ የሞከርነው ነገርና መጀመሪያ ለምን እንደከሸፈብን

እኔ ደብረ ብርሀን ጠባሴ በኩል ያለ አንድ የዱቄትና ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ፔሮል የምሰራ ሰው ነኝ። ስሙን አልጠራም፣ ስራ አስኪያጃችንም "ጻፈው ግን እኛን አትጥቀስ" ብሎኛል። 86 ሰራተኛ አለን። የምጽፈው ሰራተኛው በሳይክል እንዲመጣ በብር ለማባበል ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ያደረግነውን ነው፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም፣ በተለይ ያልተሳካውን፣ ምክንያቱም ሌላ ቦታ ያለ የሰው ሀይል ወይ የፋይናንስ ሰራተኛ አንብቦት እኛ የገባንበት ገደል ባይገባ ደስ ይለኛል።

ነገሩ የተጀመረው በሳይክል ፍቅር አይደለም፣ በሰርቪስ ጣጣ ነው። አንድ ቅጥቅጥና አንድ ሚኒባስ ተኮናትረን ነበር፣ ቅጥቅጡ በወር 55 ሺ ሚኒባሱ 28 ሺ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ጎማውም ዘይቱም መለዋወጫውም ሲሰቀል ባለመኪናዎቹ መጡና 75 እና 38 ካልሆነ አንሰራም አሉ። ከ83 ሺ ወደ 113 ሺ፣ በአንድ ቀን ስብሰባ። ስራ አስኪያጁ ወረቀቱን አየ፣ ዝም አለ፣ ከዛ "ሰርቪሱን አንሱትና ለሁሉም አበል ስጡ" አለ። አበል ማለት ሰርቪስ ለማይጠቀሙት የምንከፍላት 600 ብር ናት። በሰርቪስ የሚመጡት 38 ናቸው፣ የቀሩት 48ቱ 600ውን ይዘው በባጃጅ ወይ በእግር ይመጣሉ። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ በእግር ነው የሚመጡት፣ 600ዋ ለጤፍ ትሆናለች። በባጃጅ ልሂድ ያለ ሰው ከመሀል ከተማ ሁለት ባጃጅ መያዝ አለበት፣ በኛ ጊዜ አንዱ ጉዞ 15 ብር ነበር፣ ደርሶ መልስ 60 ብር፣ በ26 የስራ ቀን 1,560 ብር። ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ ባጃጁ ሁሉ ማደያ ጋ ተሰልፎ ስለሚውል ብሩን ይዘህም አትደርስም።

ሳይክል የመጣልኝ ከአቴንዳንስ ነው። የማርፈጃ ቅጣት የምቆርጠው እኔ ነኝ (ስለዚ ብዙ ወዳጅ የለኝም)፣ እና የሶስት ወር መዝገብ ስገለብጥ ሶስት ሰዎች አንድም ቀን አላረፈዱም። ሁለቱ ከጥገና ክፍል አንዱ ከመጋዘን ናቸው። ምንድነው ነገሩ ብዬ ሳይ ሶስቱም በሳይክል የሚመጡ ናቸው። ሰርቪስ ሲበላሽ እነሱን አይመለከታቸው፣ ባጃጅ ሲጠፋ እነሱን አይመለከታቸው። አንዱ ሳይክሉን ከአባቱ የወረሳት ናት፣ ካቴናዋ ስትጮህ ከግቢ ውጪ ይሰማል።

ከተማው ደግሞ ለሳይክል አያስቸግርም። ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ስለሆነ ከቆላ የመጣ ሰው መጀመሪያ ያለከልካል እንጂ መሬቱ ሜዳ ነው፣ ከበሬሳ ዝቅ ብሎ መውጣት ካልሆነ በቀር ይሄ ነው የሚባል ዳገት የለም። ችግሩ ሌላ ነው። ዋናው አስፋልት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ነው፣ ሲኖትራኩ ተሳቢው ኤፍኤስአሩ ሁሉ በዛ ነው የሚያልፈው፣ የጋሪ ፈረስም በዛው። እና ብርዱ። ህዳርና ታህሳስ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መሪ የያዘ እጅ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ስራ አስኪያጁ እህቱ ሆላንድ ስለምትኖር ነገሩን ስነግረው አልሳቀብኝም። "እዛ'ኮ በኪሎ ሜትር ነው የሚከፍሏቸው" አለኝ። እኔም ፈላልጌ አነበብኩ። እውነቱን ነው፣ ሆላንድ አሰሪው ለሰራተኛው የመመላለሻ በኪሎ ሜትር ከታክስ ነፃ መክፈል ይችላል፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ እስከ 0.23 ዩሮ፣ በመኪና ይምጣ በሳይክል ለውጥ የለውም። ቤልጅየም ደግሞ ከግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግል ድርጅት ሰራተኛም በሳይክል ከተመላለሰ የኪሎ ሜትር ክፍያ መብቱ ሆኗል። እንግሊዞቹ በሌላ መንገድ ነው የሄዱት፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሰሪው ሳይክሉን ይገዛና ለሰራተኛው ያከራየዋል፣ ኪራዩ ግብር ሳይቆረጥ ከደመወዙ ይነሳል፣ ስለዚህ ሰራተኛው የሚያተርፈው ግብሩን ነው። አሜሪካ በ2009 እ.ኤ.አ. በወር 20 ዶላር ከታክስ ነፃ ብላ ነበር፣ በ2018 እ.ኤ.አ. አቆመችው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። የእንግሊዙ ነገር ሲነበብ በጣም ያምራል፣ እኛም መጀመሪያ የኮረጅነው እሱን ነው፣ ግን ሞተሩ ታክስ ነው። ታክሱን ካወጣህበት የሚቀረው ተራ ብድር ነው። 4,500 ብር የሚያገኝ የእሽግ ክፍል ሰራተኛ የሚቆረጥበት የስራ ግብር ራሱ ትንሽ ነው፣ ከሷ ላይ ምን ይተርፋል? ደግሞ እኛ አገር የሳይክል ክፍያ ከደመወዝ ላይ ቀድሞ ይውጣና ግብሩ በቀሪው ይሰላ የሚል ነገር የለም። የሆላንዱ ግን እኛ ጋ ቤት አለው፣ ምክንያቱም የትራንስፖርት አበል በመመሪያ እስከተቀመጠው ጣሪያ ድረስ ከግብር ነፃ ነው። ይሄንን ግን ያወቅነው ከከሸፍን በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ፕላን እንዲህ ነበር። ድርጅቱ ሳይክል በብድር ይገዛል፣ ያለወለድ፣ በ12 ወር ከደመወዝ ይቆረጣል። ያኔ ደህና ያገለገለ ሳይክል ከተማው ላይ 14 ሺ አካባቢ ነበር፣ በ12 ሲካፈል 1,166 ብር። በሳይክል ለመጣበት ቀን ደግሞ 40 ብር እንከፍለዋለን፣ 22 ቀን ቢመጣ 880 ብር። በምትኩ 600ዋን አበል ይተዋል፣ ሰርቪስ የነበረም ሰርቪሱን ይተዋል። 880 ከ600 ይበልጣል አይደል? እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን በጣም ለጋስ የሆንን መስሎን ነበር፣ እኔ ኤክሴሉን ሰርቼ ስጨርስ ራሴን ነው ያደነቅኩት።

አራት ሰው ተመዘገበ። ከ86። ከአራቱ ሶስቱ እነዛው ቀድሞም በሳይክል የሚመጡት ናቸው፣ የተሻለ ሳይክል ለመቀየር! አዲስ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማለትም በሳይክል ለሚመጣ ሰው በሳይክል እንዲመጣ ብር መክፈል ጀመርን ማለት ነው።

ሁለተኛው ግድግዳ ህጉ ነበር። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሰረት ሰራተኛው በጽሁፍ ተስማምቶም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከደመወዙ የሚቆረጠው ከአንድ ሶስተኛ ማለፍ አይችልም። ከ4,500 ላይ ሶስተኛው 1,500 ነው። 1,166 ይገባል እንዳትሉ፣ ሰራተኛው ለቁጠባና ብድር ማህበር 400ም 500ም ያስቆርጣል፣ ሲደመር አለፈ። ስለዚህ ሳይክሉ በጣም የሚያስፈልገው፣ ከሩቅ በእግሩ የሚመጣው ዝቅተኛ ተከፋይ፣ እሱ ነው ከብድሩ ውጪ የሆነው። ክፍያውን 18 ወር ላርገው ስል ስራ አስኪያጁ "18 ወር ሙሉ እዚህ የሚቆይ ሰው ስንት አለ?" አለኝ፣ እውነቱን ነው። ኦዲተራችንም ያለወለድ ብድር እንደ ጥቅማጥቅም ሊታይና የግብር ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል ብሎ አስጠነቀቀን።

ግን ህጉ አይደለም ያከሸፈው። ያከሸፈን ምን እንደሆነ የሰማሁት ሻይ ሰዓት ላይ ነው። እሽግ ክፍል እማማ የምንላቸው ትልቅ ሴት አሉ፣ ድርጅቱ ሲከፈት ጀምሮ የነበሩ። ለምን ሰው አልተመዘገበም ብዬ ስጠይቃቸው ብስኩቱን ሻይ ውስጥ እየነከሩ "ልጄ፣ ዛሬ ሳይክል ትሰጡንና ነገ ሰርቪስ የለም ልትሉን አይደል" አሉኝ። አጠገባቸው ያለችው ቀጠለች፣ "ክረምት ሲገባስ? ታመምኩ ብልስ? ያኔ 40ውም የለ 600ውም የለ፣ እዳው ግን አለ።" በስላሴ ስም እላችኋለሁ እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም። እኔ 880 ከ600 ይበልጣል እያልኩ ነው፣ እነሱ ደግሞ እርግጠኛ የሆነች 600 ወስደው እርግጠኛ ያልሆነ 880 ሰጡን እያሉ ነው። ባጭሩ ማበረታቻ ብለን የለጠፍነውን ማስታወቂያ ሰው ያነበበው የደመወዝ ቅነሳ ብሎ ነው። ደግሞ አልተሳሳቱም፣ ስራ አስኪያጁ ልቡ ውስጥ የነበረው ሰርቪሱን ማንሳት ነበራ።

ስለዚህ ታህሳስ ላይ ሁሉንም ቀየርነው። ማህተም ያለው ደብዳቤ ለጠፍን፦ 600 ብር አይነካም፣ በሳይክል ለሚመጣም ይከፈላል፣ ከሰርቪስ ወጥቶ በሳይክል ለሚመጣም አዲስ ይጀመርለታል። በሳይክል ለመጣበት ቀን ከላይ 25 ብር ይጨመራል። ከሰርቪስ የወጣ ሰው በአንድ ሳምንት ማስታወቂያ መመለስ ይችላል፣ ለምን ተመለስክ ተብሎ አይጠየቅም። ይቺን የመጨረሻዋን ስራ አስኪያጁ አልወደዳትም፣ "መመለስ ከቻለ ሚኒባሱን እንዴት ነው የምቀንሰው" አለ። እኔ ደግሞ መመለስ ካልቻለ አይወጣም አልኩት። ሶስት ቀን ተከራከርን፣ በመጨረሻ ፈረመ። ቀኑ ከ40 ወደ 25 ወርዶ ሰው በዛ፣ ይሄን ለሰው ስነግር አያምነኝም።

የሳይክል መግዣው ነገር ደግሞ የተፈታው በኛ አይደለም፣ በእቁብ ነው። የወፍጮ ክፍሉ ጋሼ (ሰውየው ሰፈሩም ላይ የእቁብ ዳኛ ነው) "ብድራችሁን ተዉት፣ እኛ እቁብ እንጥላለን፣ እናንተ ጨምሩበት" አለን። አስር ሰው፣ እያንዳንዱ በወር 1,400፣ ድምር 14 ሺ፣ በየወሩ አንድ ሳይክል በእጣ። ከ1,400ው ላይ 200ውን ድርጅቱ ይሸፍናል። 200ዋን ግን ዝም ብለን አልሰጠንም፣ ገቢ ናትና በፔሮል አስገብቼ ግብሯን ቆርጫለሁ፣ እቁቡ ውስጥ የምትገባው የተጣራችው ናት፣ የጎደለችውን ሰራተኛው ይሞላል። ልብ በሉ፣ ሰራተኛው ከኪሱ የሚያወጣው ከ1,200 በላይ ነው፣ ከብድሩ 1,166 ይበልጣል። ግን ብድሩን አራት ሰው ነው የፈለገው፣ እቁቡን አስሩ በሁለት ቀን ሞላ። ለምን ብዬ ስጠይቅ የሚሰጠኝ መልስ የተለያየ ነው፣ አንዱ "ከደመወዝ ሲቆረጥ የተቀማሁ ይመስለኛል" ይላል፣ ሌላው ሲቸግረው ተራ መለዋወጥ ስለሚችል ነው፣ ዋናው ግን ይመስለኛል አሰሪው ጋ እዳ ያለበት ሰው አፉን ሞልቶ መናገር አይችልም። እጣ የወጣለት ዋስ አምጥቶ ነው የሚወስደው፣ ዋሱ እዛው አብሮት የሚሰራ ነው፣ እኔ ምንም አላሳድድም።

እቁቡም ቢሆን ጉድለት አለው። ክረምት ሲደርስ ሳይክሉ 16,500 ገባ፣ መጨረሻ ላይ እጣ የደረሳቸው ሶስት ሰዎች በ14 ሺ ምን ይገዛሉ? ጩኸት ተነሳ፣ ልዩነቱን ድርጅቱ ሞላ፣ 7,500 ብር ወጣ። አሁን እንደገና ብንጀምር ከመጀመሪያው ወደኋላ ላሉት ዕጣዎች የሚሆን መጠባበቂያ እናስቀምጥ ነበር።

25ቱን ብር ማን ይመዘግባል ሲባል ጥበቃው ተባለ። በር ላይ ደብተር፣ ስም፣ ሰዓት፣ ፊርማ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዱ፣ ቤቱ ከፋብሪካው አጥር ጀርባ 300 ሜትር የማይሞላ ሰው፣ ከሰፈሩ ልጅ ሳይክል እየተዋሰ በየቀኑ ግርርር ብሎ ይገባና 25ቱን ይፈርማል። ደብዳቤው ላይ ርቀት አልጻፍንማ! ሰውየውን መውቀስ አልቻልንም፣ ስንጽፍ ያላሰብነውን እሱ አስቦታል። ከዛ ቢያንስ 1.5 ኪሎ ሜትር ብለን አስተካከልን። እሱም መዘዝ አመጣ፣ "በዋናው ከመጣሁ 1.4 ነው በውስጥ ለውስጥ ከመጣሁ 1.7 ነው" የሚል ክርክር፣ በመጨረሻ የጥበቃው ሀላፊ ስልኩ ላይ ማፕ ከፍቶ ሁለት ሰው ቤት ድረስ በሳይክል እየነዳ ለካ፣ በዛውም ቡና ጋበዙት። እንደ ሆላንድ በኪሎ ሜትር ያልከፈልነው በዚህ ምክንያት ነው፣ የቀን ክፍያ ፍትሀዊ ላይሆን ይችላል ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያጣላው።

ከብሩ ሁሉ የሰራችው ግን ትንሿ ናት ብል ስራ አስኪያጁም አይቃወመኝም፣ መካኒኩ። ከተማው ውስጥ ሳይክል የሚጠግን አንድ ልጅ ጋ ተዋዋልን፣ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ግቢያችን መጥቶ ይሰራል፣ በወር 3,500 ብር። ጎማ መለጠፍ፣ ፍሬን ማጥበቅ፣ ካቴና ዘይት መቀባት በነፃ፣ ከመነዳሪ ወይ ጎማ ከተቀየረ እቃውን ባለቤቱ ይገዛል። እሱ ከመጣ በኋላ ያላሰብነው ነገር ሆነ፣ ሰዎች ቤታቸው ጓሮ ዝጎ የተቀመጠ ሳይክል እየጎተቱ ያመጡ ጀመር። የወንድም፣ የአጎት፣ አንዷ እንደውም ዶሮ ሲያድርባት የኖረች። ሰባት ሳይክል በዚህ መንገድ ነው ከመቃብር የተነሳው፣ ለመግዣ አምስት ሳንቲም ሳናወጣ። ሰው ሳይክል ያልነበረው አይደለም፣ የፈነዳ ጎማ ነበረው።

ጥር ላይ ግን ደነገጥን። አንድ የማሽን ኦፕሬተር ውርጭ የወረደበት ጠዋት ላይ ተንሸራትቶ ወደቀና የእጁ አንጓ ተሰበረ። መኪና አልገጨውም፣ ተመስገን። ጥያቄው ግን መጣ፣ ማነው የሚያሳክመው? ህጉ ላይ ሰራተኛው ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ሲመላለስ የደረሰበት ጉዳት የስራ ላይ ጉዳት ነው። በራሱ ሳይክል ሲመጣ ግን እዛ ውስጥ አልተጻፈም። ልጁ'ኮ ከአንድ ወር በፊት ሰርቪስ ላይ ነበር፣ እኛ ነን በ25 ብር አባብለን ከሽፋኑ ያወጣነው። ይሄ ነገር እስካሁን ሲታሰበኝ ያመኛል። ህክምናውን ድርጅቱ ከፈለ፣ ትንሽ ጭቅጭቅ ነበረበት አልዋሽም፣ ከዛ በኋላ ሳይክል ለተመዘገበ ሁሉ 24 ሰዓት የሚሸፍን የቡድን የአደጋ ኢንሹራንስ ገባን። ፕሪሚየሙ ለሁሉም ተደምሮ የአንድ ሳይክል ዋጋ አልሞላም። ይህን የምታነቡ አሰሪ ካላችሁ መጀመሪያ ኢንሹራንሱን፣ ከዛ ማስታወቂያውን። እንደ እኛ ገልብጣችሁ እንዳትሰሩት።

በዛው ሰሞን የሱፍ የእጅ ሹራብና ኮፍያ ገዝተን አደልን፣ መንዝ ዘመድ ያላት ባልደረባችን ናት ያስፈተለችውና ያሰራችው። የኋላ መብራትና አንጸባራቂ ሰደርያም። የማታ ፈረቃ ግን ከፕሮግራሙ ውጪ ነው፣ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ከሲኖትራክ ጋር በጨለማ ተጋፋ ብሎ ለሰው ብር መክፈል አይቻልም። ብርሀን ወረደበት ተብሎ የተሰየመ ከተማ ነው፣ እኛ ፋብሪካ በር ላይ ግን እስካሁን አልወረደም።

ሴቶቹ ጋ ብዙ አልሰራንም። ከሰራተኛው ከግማሽ በላይ ሴት ናቸው፣ ከሳይክለኞቹ ግን አምስት ብቻ። የመጀመሪያዋ የጥራት ቁጥጥር ልጅ ናት፣ ባህር ዳር ያደገች፣ እዛ ሴት ሳይክል ላይ ማየት ብርቅ አይደለም። እዚህ ግን የመጀመሪያው ሳምንት ባጃጅ ሹፌሩም የሰፈር ልጁም ሲጮህባት "ከተማው ሳይክል አይቶ አያውቅም እንዴ" አለችኝ። ሌሎቹ አራቱ የመጡት እሷን አይተው ነው፣ የ25 ብሩን ነገር ስጠይቃቸው እንደ ትርፍ ነው የሚያወሩት። የጠየቁት ነገር ብር አልነበረም፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ቁልፍ ያለው ሳጥን ያለበትና መሀል ብረቷ ዝቅ ያለች ሳይክል። ሳጥኑን ከአሮጌ የመጋዘን መደርደሪያ ብየዳ ክፍል ሰራው። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሰው የሚመጡት እናቶች ጋ ግን ምንም መፍትሄ አላገኘንም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። መስከረም 2018 ላይ 20 ሳይክለኛ ነበረን፣ አራቱ የድሮው ብድር ሰዎች፣ ዘጠኙ የእቁቡ (አንዱ ስራ ለቋል)፣ ሰባቱ ከጓሮ የወጡት። ከነዚህ ውስጥ ከሰርቪስ የመጡት ዘጠኝ ብቻ ናቸው፣ ሶስቱ ድሮም ሳይክለኛ፣ ስምንቱ በእግር ወይ በባጃጅ ይመጡ የነበሩ። እኛ ያነጣጠርነው ሰርቪሱ ላይ ነበር፣ ከመታነው ግን ግማሽ ያህሉ እግረኛው ነው። ስታስበው ግልጽ ነው፣ ሰርቪስ ያለው ሰው በነፃ በር ላይ ያወርዱታል፣ ለምን ብሎ በውርጭ ፔዳል ይመታል? በእግሩ አንድ ሰዓት የሚመጣው ግን ሳይክሉ በየቀኑ ከአንድ ሰዓት በላይ ይመልስለታል።

ዘጠኙ ሲወጡ ሰርቪሱ ላይ 29 ሰው ቀረ፣ ቅጥቅጡ ይበቃዋል፣ ሚኒባሱን መስከረም ላይ አሰናበትን። 38 ሺ በወር ተረፈ። ከሱ ላይ የቀን ክፍያው 20 ሰው በ22 ቀን በ25 ሲባዛ 11,000፣ ከሰርቪስ ለወጡት ዘጠኝ ሰዎች አዲስ የተጀመረው 600 ሲደመር 5,400፣ መካኒኩ 3,500። 19,900 ይወጣል፣ 18,100 ይተርፋል፣ ኢንሹራንሱ ሳይነሳ። ጥሩ ነው። ግን ከታህሳስ እስከ ነሐሴ ለዘጠኝ ወር ሚኒባሱንም ሳይክሉንም አብረን ነው የከፈልነው፣ እቁቡን፣ ልዩነቱን፣ የቀኑን፣ መካኒኩን ስደምረው ወደ 140 ሺ ብር ደረሰ። 140ውን ለ18,100 አካፍሉት፣ ስምንት ወር ገደማ። ኢንሹራንሱንና ሹራቡን ስጨምርበት ብራችን የሚመለሰው ግንቦት 2018 አካባቢ ነው፣ ልክ ክረምቱ ሊገባ ሲል ማለት ነው። ዘንድሮ ክረምት አንዳንዶቹ ወደ ሰርቪስ መመለሳቸው አይቀርም፣ መብታቸው ነው፣ ለዛ ከሚኒባሱ ባለቤት ጋር ለሐምሌና ነሐሴ ብቻ መልሰን እንድንከራየው በቃል ተነጋግረናል። ቃሉን ይጠብቅ እንደሆን እናያለን።

ከእቁቡ አንድ ሰው በሶስተኛው ወር ሳይክሉን ይዞ ስራ ለቀቀ። እኔ በቃ አበቃልን ብዬ ነበር። ዋሱ ሁለት ወር ከፈለለት፣ ከዛ ሰውየው ራሱ ሌላ ስራ ሲያገኝ በየወሩ በጋሼ በኩል እየላከ ጨረሰ። ክሊራንስ ላይ የተጻፈ ምንም ነገር አልነበረም፣ ድርጅቱ ቢሆን ያበደረው ግን እኔ እስካሁን ደብዳቤ እየጻፍኩ ነበር።

አሁን ያለው ጥል የ25 ብሩ ነው። ስራ አስኪያጁ "ለምደውታል፣ ወደ 15 ብናወርደውስ" ይላል። ጋሼ ደግሞ በተቃራኒው ሁለተኛ እቁብ ልንጀምር ነው፣ ሳይክል ተወዷልና 200ዋን 300 አድርጉልን ብሎ አስር ስም ይዞ መጥቷል፣ ከአስሩ ስድስቱ ከሰርቪስ ናቸው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ ለማክሰኞ ስብሰባ ኤክሴሉን እየሰራሁ ነው። እማማም በዛ ዝርዝር ውስጥ አሉበት፣ "ለልጄ ነው" ብለዋል፣ ልጃቸው መጋዘን ነው የሚሰራው። ማስታወቂያው ላይ "600 ብር አይነካም" የሚለው መስመር ዘንድሮም እንዳለ ይኑር ብለው ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀውኛል።